“ዕቃው የለም” ሲሏችሁ፦ የጠፋ የመኪና መለዋወጫ ከዲለር ካውንተር የሚገኝበት መንገድ

አሮጌ መኪና የያዘ ሰው ይህችን መልስ በደንብ ያውቃታል፦ “ዕቃው የለም።” አንዱ ሱቅ የለም ይላል፣ ቀጣዩም የለም ይላል፣ መካኒኩ ደግሞ “ከሌላ መኪና እናመሳስለው” ይላል። ኢትዮጵያ ውስጥ ነገሩ አሁን ይበልጥ ከብዷል። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ በእጅ ያለችውን ኮሮላ ወይም ቪትዝ ዕድሜዋን ማራዘም ግድ ሆኗል።

ብዙ ሰው የአምራቹን ወኪል፣ ማለትም ዲለሩን፣ የመጨረሻ አማራጭ ያደርገዋል። “እዚያ ዋጋው እሳት ነው” ይባላል። እውነት ነው፣ ይወደዳል። እኔ ግን የጠፋ ዕቃ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ መሄድ ያለበት እዚያ ነው ባይ ነኝ። የዕቃው ትክክለኛ ቁጥር ያለው እዚያ ነውና። ቁጥሩን ከያዛችሁ ዕቃውን ከአዲስ አበባም፣ ከዱባይም፣ ከቨርጂኒያም ማስፈለግ ትችላላችሁ። ቁጥሩን ሳትይዙ የአዲስ አበባውን የመለዋወጫ ገበያ ሶማሌ ተራን ቀኑን ሙሉ ብትዞሩ ግን የምታገኙት የእናንተን የሚመስል ዕቃ ነው።

ምሳሌዎቼ በአብዛኛው የቶዮታ ናቸው፤ መንገዱን የሞላው እሱ ስለሆነ። ኒሳን የያዘ ኒያላ ሞተርስ፣ ሀዩንዳይ የያዘ ማራቶን ሞተር ሲሄድም አካሄዱ ያው ነው።

መጀመሪያ፦ ከቤት ሳትወጡ የምትይዙት

የካውንተሩ ሠራተኛ ቀድሞ ኮምፒውተሩ ላይ የሚጽፈው የሻንሲ ቁጥሩን፣ ማለትም መኪናዋ ላይ የተቀረጸውን መለያ ቁጥር ነው። “ነጭ ቪትዝ፣ የ2003 ሞዴል” ብትሉት ብዙም አይረዳውም። በአንድ ዓመት ውስጥ የተሠሩ ሁለት ቪትዞች የተለያየ ዕቃ ሊይዙ ይችላሉ።

ቁጥሩን ከሊብሬው ላይ ገልብጣችሁ አትሂዱ። ከመኪናዋ ላይ ፎቶ አንሡት። በብዙ መኪና ላይ በሾፌሩ በኩል ከፊት መስታወቱ ሥር ወይም በበሩ ምሰሶ ላይ ይገኛል። ቶዮታ ላይ ኮፈኑን ስትከፍቱ ከሞተሩ በስተኋላ ባለው ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ትንሽ ቆርቆሮም ሊኖር ይችላል። ዓለም አቀፉ የሻንሲ ቁጥር 17 ፊደልና አኃዝ ነው። በውስጡ አይ፣ ኦ እና ኪው የሚባሉት የላቲን ፊደላት ፈጽሞ አይገቡም። ስለዚህ “ኦ” የመሰላችሁ ሁሉ ዜሮ ነው፤ “አይ” የመሰላችሁም አንድ ነው። አንዲት ፊደል ከተሳሳተች ኮምፒውተሩ መኪናችሁን አያውቃትም።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ምልክቶች መኪናዋ የት እንደተሠራች ይናገራሉ። በ“ጄቲ” ከጀመረ ጃፓን የተሠራ ቶዮታ ነው። “ኤኤችቲ” ከሆነ ደቡብ አፍሪካ ነው። ብዙ ሰው ቪትዝ እያለ የሚጠራት ግራ መሪዋ ያሪስ ደግሞ በ“ቪኤንኬ” ከጀመረች የተሠራችው ፈረንሳይ፣ ቫለንሲየን አጠገብ ባለው ፋብሪካ ነው። ይህ ትልቅ ለውጥ ያመጣል። የፈረንሳዩዋ ያሪስና የጃፓኗ ቪትዝ መንታ ቢመስሉም ብዙ ዕቃቸው ቁጥሩ ይለያያል።

ጃፓን ለራሷ ገበያ የሠራቻቸው መኪኖች ባለ 17 ቁጥር የላቸውም። አጭር የሞዴል ኮድ፣ ከዚያ ሰረዝ፣ ከዚያ ስድስት ወይም ሰባት አኃዝ ነው ያላቸው። መኪናችሁ እንዲህ ከሆነች አስቀድማችሁ ተናገሩ። ብዙ ጊዜ የአሜሪካም የባሕረ ሰላጤውም ኮምፒውተር አያገኛትም። የጃፓን ካታሎግ ያስፈልጋል። መሪዋ ከቀኝ ወደ ግራ የተቀየረች ከሆነችም ሳትደብቁ ንገሩ። መሪው አካባቢ፣ ዳሽቦርዱና የዝናብ መጥረጊያው የመጡት ከሌላ መኪና ሊሆን ይችላልና ካታሎጉ የሚያሳየው ላይገጥም ይችላል።

ያችን ቆርቆሮም ሙሉውን ፎቶ አንሷት። የቀለም ኮድ፣ የካምቢዮና የዲፍረንሻል ኮድ አለባት። ቶዮታ ላይ 040 ነጭ ነው፣ 202 ጥቁር። ስፖኪዮ ወይም የበር እጀታ ስታዙ ይህ ያስፈልጋችኋል። የተሠራችበት ወር በበሩ ላይ ከተጻፈ እሱንም ያዙ። አምራቾች በዓመት አጋማሽ ዕቃ ይቀይራሉ፤ ካታሎጉም “ከዚህ ወር በፊት ወይስ በኋላ?” ብሎ ይጠይቃል።

አሮጌውን ዕቃ አትጣሉት። አዲሱ ተገጥሞ መኪናዋ እስክትነዳ ድረስ ይቀመጥ። ከሁሉም ጎኑ ፎቶ አንሡት፤ ሶኬት ካለው የሶኬቱን ቀዳዳዎች በቅርበት አንሡ። ግን ልብ በሉ፦ ዕቃው ላይ የተቀረጸው ቁጥር ሁሉ የመለዋወጫ ቁጥር አይደለም። ዴናሞና ሞተሪኖ ላይ ብዙ ጊዜ የምታዩት ዕቃውን ለቶዮታ የሚሠራው የዴንሶ የራሱ ቁጥር ነው። እሱም ይጠቅማል፣ ያዙት፤ የቶዮታ ቁጥር ነው ብላችሁ ግን አትዘዙበት።

ግራና ቀኝ የሚለየው ሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጦ ወደፊት ሲያይ ነው። ከመኪናዋ ፊት ቆሞ የሚያይ ሰው ይገለበጥበታል። ፋናሌና ስፖኪዮ በስህተት ከሚገዙበት ምክንያት ዋነኛው ይህ ይመስለኛል።

ቁጥሩን ማንበብ

የቶዮታ መለዋወጫ ቁጥር አሥር ምልክት ነው፦ አምስት፣ ሰረዝ፣ አምስት። ቀለም ያለው ዕቃ ከሆነ መጨረሻ ላይ ሁለት ይጨመራል። የመጀመሪያዎቹ አምስቱ የዕቃውን ዓይነት ይናገራሉ፣ በየትኛውም ቶዮታ ላይ። 04465 የፊት ፍሬን ሸራ ነው፤ 04466 የኋላ። 17801 የአየር ፊልትሮ ነው። 16100 የውሃ ፓምፕ። 48510 የፊት ቀኝ ሾክ አብሶርበር፣ 48520 የፊት ግራ። 81110 ሙሉው የፊት መብራት በቀኝ፣ 81150 በግራ።

ከሰረዙ በኋላ ያሉት ሁለቱ ብዙ ጊዜ የመኪናውን ቤተሰብ ይጠቁማሉ። 60 ላንድ ክሩዘር ነው። “ዜሮ ኬ” ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2004 ወዲህ ያለው ሃይሉክስ። የላንድ ክሩዘር ዕቃ ጠይቃችሁ ካርቶኑ ላይ “ዜሮ ኬ” ካያችሁ “ለምን?” ብላችሁ ጠይቁ። ሞዴሎች ዕቃ ስለሚጋሩ ትክክል ሊሆን ይችላል። መልሱን መስማት ግን መብታችሁ ነው።

ወደ ካውንተሩ ከመሄዳችሁ በፊት ቁጥሩን ራሳችሁ ለማግኘት ሞክሩ። በሻንሲ ቁጥር የሚፈልጉ የኢንተርኔት ካታሎጎች አሉ፤ ፓርትሱክና አማያማ የታወቁ ናቸው። ሥዕሉን ከፍታችሁ ዕቃችሁ ላይ ያለችውን ምልክት አግኙና ስክሪኑን ፎቶ አንሡ። ይህ የስም ጣጣንም ያስቀራል። የእኛ ጋራዥ ካንዴላ፣ ኩሽኔታ፣ ፍሪሲዮን ይላል፤ አሜሪካ ያለው ሠራተኛ አንዱንም አያውቅም። ሥዕሉን ግን ሁሉም ያውቀዋል።

ካውንተሩ ላይ

ጠዋት ማለዳ አትሂዱ። ያ ሰዓት የራሳቸው ጋራዥ መካኒኮችና የቦዲ ሥራ ቤቶች የሚያዙበት ነው። ቅዳሜም እንዲሁ ወረፋው ይበዛል፣ ልምድ ያለው ሠራተኛም ላይኖር ይችላል። በሥራ ቀን ከምሳ በኋላ ይሻላል። ለጠፋ ዕቃ የሚያስፈልገው የሠራተኛው ጊዜ ነው፤ ወረፋ እየጠበቀበት ያለ ሰው አንድ ጊዜ ኮምፒውተሩን አይቶ “የለም” ቢላችሁ አይፈረድበትም።

ስልክ ከመደወል በአካል መሄድ ይበልጣል። ስክሪኑን አዙሮ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። የዕቃውን ሥዕል አብራችሁ ስታዩ የማይስማማውን ወዲያው ትይዙታላችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። “የለም” ሲላችሁ አመስግናችሁ አትውጡ። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነው። በትሕትና እንዲህ ጠይቁ፦ “ወንድሜ፣ እዚህ መደርደሪያ ላይ ነው የሌለው፣ ወይስ መመረቱ ቆሟል?” ሴት ከሆነች “እህቴ”፣ በዕድሜ ገፋ ያሉ ከሆኑ “እባክዎ” ብላችሁ ጀምሩ። መልሱ ከአራቱ አንዱ ይሆናል፤ ለእያንዳንዱም መንገዱ ይለያል።

መደርደሪያ ላይ የሌለ ከሆነ ቀላሉ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሠራተኛው የሌሎች ዲለሮችን ክምችት በኮምፒውተር ማየት ይችላል። “ሌላ ዲለር ጋ አለ ወይ?” በሉት። ሳይሸጥ የቆየ አሮጌ ዕቃ ያለው ዲለር ሲገኝ ደስ ብሎት ነው የሚሸጠው፤ ቦታ ይዞበታል። አዲስ አበባ ከሆናችሁ የወኪሉ ሌሎች ቅርንጫፎች እንዲታዩላችሁ ጠይቁ።

አገር ውስጥ የሌለ ከሆነ ይታዘዛል። እዚህ ላይ ሁለት ነገር አስጽፉ፦ ዕቃው ከየት እንደሚመጣና የሚጠበቅበትን ቀን። ከአገሪቱ መጋዘን የሚመጣ ዕቃና ከጃፓን ፋብሪካ የሚጠበቅ ዕቃ አንድ አይደሉም። ቀን የማይሰጠው ትዕዛዝ ላይ ሙሉ ገንዘብ ከመክፈል በፊት ደጋግማችሁ አስቡ።

ቁጥሩ የተቀየረ ከሆነ ነገሩ ይጥማል። አምራቾች ዕቃ ሲያሻሽሉ ቁጥሩን ይተኩታል። ኮምፒውተሩ ብዙ ጊዜ አዲሱን ያሳያል፤ አሮጌው ቁጥር የተጻፈበት ካርቶን ግን ሌላ ቦታ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ሁለቱንም ቁጥር አስጽፉና በሁለቱም ፈልጉ። የተተካው ዕቃ ሌላ ተጓዳኝ ዕቃ አብሮ እንዲቀየር ይፈልግ እንደሆነም ጠይቁ። አዲስ ሶኬት ወይም አዲስ ብሎን የሚጠይቅበት ጊዜ አለ።

መመረቱ ቆሞ ከሆነ ደግሞ ገና አልጨረሳችሁም። መጀመሪያ ከፍ ያለውንና ዝቅ ያለውን ክፍል ጠይቁ። ለምሳሌ የፊት መብራት በሙሉ በ81110 ቢጠፋ፣ መብራቱ ብቻውን በ81130 ሊኖር ይችላል፤ የግራው 81170 ነው። በተቃራኒው አንዲት ትንሽ ዕቃ ለብቻዋ መሸጥ አቁማ ሙሉው ክፍል ሊገኝ ይችላል። ቀጥሎ “ይህ ቁጥር ሌላ የትኛው መኪና ላይ ይገባል?” በሉ። የካንዴላ ኮይል 90919-02240 ጥሩ ማሳያ ነው። የኤኮ፣ የያሪስና የሁለተኛው ትውልድ ፕሪየስ ያው ቁጥር ነው። የያሪስ የለም ቢባል የፕሪየስ ተብሎ ሊገኝ ይችላል። ሦስተኛ፣ ዕቃውን ለቶዮታ የሚሠራው ማን እንደሆነ እወቁ። ዴንሶ፣ አይሲን፣ ካያባ፣ ኮዮ በራሳቸው ካርቶንም ይሸጣሉ። የቶዮታ ካርቶን ቢጠፋ የእነሱ ሊቀር ይችላል።

በጣም ያረጁ መኪኖችም ሙሉ በሙሉ አልተረሱም። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ2021 ለላንድ ክሩዘር 40 ዕቃዎችን እንደገና እንደሚያመርት አስታውቋል። ያችን ቆርቆሮ ጣሪያ ላንድ ክሩዘር አሁንም በየክፍለ ሀገሩ የሚነዳ ሰው ስላለ ይህን ማወቅ ይጠቅማል። የቮልስ ባለቤቶችም የፋብሪካው የራሱ የአሮጌ መኪና ዕቃ ክፍል እንዳለ ይወቁ፤ ቮልስዋገን ክላሲክ ፓርትስ ይባላል።

ውጭ ያለ ዘመድ ሲላክ

“ወንድሜ አሜሪካ አለ፣ ይልክልኛል” የሚል ሰው ብዙ ነው። እሱን መላክ ጥሩ ነው፤ ግን አሜሪካ የሚሸጠው ቶዮታ ሌላ ነው። በአራት ነጥብ ሁለት ሊትር ናፍጣ ሞተር የሚሄደው ላንድ ክሩዘር 79 አሜሪካ ውስጥ ተሽጦ አያውቅም። የዛሬው ሃይሉክስም የለም፤ እዚያ ያለው ታኮማ ሌላ መኪና ነው። የሻንሲ ቁጥራችሁን አሜሪካ ያለው ካውንተር ላይ ቢያስገቡት “አልተገኘም” ይላል። ቁጥሩን ይዞ የሄደ ዘመድ ግን ያ ቁጥር እዚያ በሚሸጥ ሌላ ሞዴል ላይ የሚገባ ከሆነ ያገኘዋል።

ፕራዶ 120 ላላችሁ ይህን ልብ በሉ። አሜሪካ ውስጥ ፕራዶ በዚያ ስሙ አልተሸጠም። ወንድሙ ሌክሰስ ጂኤክስ 470 ግን ተሽጧል። ፎርራነርም ከዚያው መሠረት ነው የተሠራው። ስለዚህ ለቦዲና ለእግር ክፍል ዕቃ ሌክሰስ ካውንተር መሄድ ያዋጣል። ለናፍጣ ሞተሩ ግን አያዋጣም። በዚሁ መንገድ ላንድ ክሩዘር 100 የያዘ ሰው በሌክሰስ ኤልኤክስ 470 ይፈልግ። ማትሪክስ የያዘ ደግሞ የጄኔራል ሞተርስ ካውንተርን ይሞክር፤ ፖንቲያክ ቫይብ ሥሪቱ ያው ነው።

ለናፍጣ ሃይሉክስና ለላንድ ክሩዘር ዘመድ መላክ ያለበት ወደ ባሕረ ሰላጤው ነው። የኤምሬትሱ የቶዮታ አከፋፋይ አል ፉታይም ነው፤ የሳዑዲው አብዱል ላጢፍ ጀሚል። እዚያ የሚሸጡት መኪኖች ለእኛዎቹ በጣም ይቀርባሉ።

የፊት መብራት ከእንግሊዝ ወይም ከጃፓን አታስመጡ። በመንገዱ ግራ በኩል ለሚነዳበት አገር የተሠራ መብራት ጨረሩን ወደ ግራ ነው የሚያነሣው። እኛ አገር ሲገጠም ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ያጠፋል። ልኩ መግጠሙ አያታላችሁ።

ገንዘቡ

አዲስ አበባ ላይ ፕሮፎርማ አስወጡና የሚጸናበትን ቀን እዩ። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ በኋላ የዛሬ ዋጋ ለሳምንት ላይቆይ ይችላል። ፕሮፎርማው ላይ የዕቃው ሙሉ ቁጥር መጻፉን አረጋግጡ። “የፊት ሾክ” ብቻ ከተባለ አይበቃም።

አሜሪካ ላይ ካውንተሩ የሚጠራው ዋጋ የመጨረሻው አይደለም። ብዙ ዲለሮች ያንኑ ዕቃ በኢንተርኔት በቅናሽ ይሸጣሉ። ዋጋውን በስልክ አሳዩና “በዚህ ትሰጡኛላችሁ?” በሉ፤ ብዙ ጊዜ ይስማማሉ። ዴናሞ፣ ሞተሪኖ ወይም የመሪ ሳጥን ታድሶ የሚሸጥ ከሆነ “ኮር” የሚባል መያዣ ይጨመርበታል። አሮጌውን ስትመልሱ ይመለስላችኋል። አሮጌው ኢትዮጵያ ከሆነ መያዣው እንደማይመለስ አስባችሁ ሒሳቡን ሥሩ።

ከመክፈላችሁ በፊት የመመለስ ደንቡን ጠይቁ። የኤሌክትሪክ ዕቃ አብዛኛው ቦታ አይመለስም። በልዩ ትዕዛዝ የመጣም እንደዚያው ነው ወይም ይቆረጥበታል።

የኤርባግ ዕቃ ካስፈለጋችሁ ከመግዛት በፊት መኪናዋ አምራቹ ለጥገና መልሶ በጠራቸው መኪኖች ዝርዝር ውስጥ እንዳለች አጣሩ። ታካታ የተባለው ኩባንያ የሠራቸው ኤርባጎች ችግር በሚሊዮን የሚቆጠሩ መኪኖችን ነክቷል፤ አሜሪካ ውስጥ ዲለሩ በነፃ ነው የሚቀይረው። ከውጭ ያገለገለች ሆና የመጣች መኪና ከሆነች የሻንሲ ቁጥሩን ለወኪሉ ስጡና ጠይቁ። ይህ የነፍስ ጉዳይ ነው፣ ለነገ አይባልም።

ሻንጣ ውስጥ የሚገባና የማይገባ

ኤርባግ በመንገደኛ ሻንጣ አይጫንም፤ ፈንጂ ነገር አለበት። ነዳጅ የነካው ያገለገለ ፓምፕም አይፈቀድም፤ አዲስ ሲሆን ግን ነዳጅ አልነካውምና ይሄዳል። በጋዝ የተሞላ ሾክ ካላችሁ አየር መንገዱን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ሻንጣው ብዙ ጊዜ 23 ኪሎ ነው፤ አንድ ዲስክ ፍሬን ምን ያህል እንደሚመዝን ያነሣ ያውቀዋል። ፓራውርቲ በሻንጣ አይታሰብም፣ በካርጎ ነው። ደረሰኙ ከዕቃው ጋር ይሁን፤ ጉምሩክ ዋጋ ሲጠይቅ የሚያሳዩት እሱን ነው።

ሲረከቡ

ካርቶኑን ካውንተሩ ላይ ክፈቱት። መኪና ውስጥ ገብታችሁ አይሆንም፣ ቤት ደርሳችሁም አይሆንም። የካርቶኑን ቁጥር ከደረሰኙ ጋር አንድ በአንድ አስተያዩ፤ መጨረሻው ላይ ያሉት ሁለቱ ምልክቶች የቀለም ናቸውና እነሱንም ጭምር። ከዚያ አሮጌውን ዕቃ ወይም ፎቶውን አጠገቡ አድርጉ። የብሎን ቀዳዳዎቹን ቁጠሩ። የሶኬቱን ቅርጽና የፒኖቹን ብዛት እዩ። ጓርኒሲዮን፣ ኦሪንግ ወይም ክሊፕ አብሮ መኖር ካለበት መኖሩን አረጋግጡ፤ ከሌለ ቁጥሩን እዚያው አስወጡና ጨምራችሁ ግዙ። ለኢትዮጵያ የሚላክ ከሆነ አንዲት የጎማ ቀለበት ጎደለች ተብሎ መኪናዋ ሌላ መንገደኛ እስኪገኝ ቆማ ልትቀር ትችላለች።

ልክ ካልሆነ መለያውን ሳትቀድዱ፣ ሳትገጥሙት፣ እዚያው መልሱት። ልክ ከሆነ የሠራተኛውን ስምና የቀጥታ ስልኩን ያዙ፣ አመስግኑትም። ቀጣዩን ዕቃ ስትፈልጉ የምትደውሉት ለእሱ ነው።